የመሊካ በረዶና የአብዱልሀኪም ሰደቃ

ጣልያን ሮቢት ላይ ካምፕ በሠራ በሁለተኛው ዓመት የመሊካ ባል አደም ወንዝ ዳር ተረሸነ። ወንጀሉ ጠመንጃ መቅበር ነበር። እውነት ነው፤ ቀብሯል።

ጉድጓዱ የተቆፈረው ጣልያን ሊገባ ሰሞን፣ በጠራራ ቀትር ነው፤ የሮቢት ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሥር በሚጋደምበት ሰዓት። ቦታው የአደም አትክልት፣ ከሎሚው ሦስተኛ ረድፍ ሥር። ቆፋሪው አደም፣ አፈሩን በእንቅብ የምታወጣው መሊካ፣ ከአጥሩ ጋ ቆሞ መንገድ የሚጠብቀው የአደም የልጅነት ጓደኛ አብዱልሀኪም። ከሦስቱ ሌላ ያየ ዓይን አልነበረም፤ አህያዋ እንኳ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አስካሪዎቹ፣ የጣልያን ጥቁር ወታደሮች፣ ሲመጡ ቤቱን አልበረበሩም፣ ጎተራውን አልገለበጡም። በአጥሩ በር ገብተው፣ ረድፍ ቆጥረው፣ ሦስተኛው ላይ ቆመው ቆፈሩ። የሚፈልግ ሰው ይዞራል፣ ይሳሳታል፣ ይራገማል። እነዚህ ግን የገዛ ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ ይመስሉ ነበር። መሊካ ቆማ አየች። ባሏን ማን እንደሸጠው ለማወቅ ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለጋትም።

አብዱልሀኪም በወጣትነቱ ከጨው ነጋዴ ጋር ምጽዋ ወርዶ ጣልያንኛ ለቃቅሞ የተመለሰ ሰው ነው። ካምፑ ሲቋቋም ቱርጁማን ሆነ፤ ነጮቹ የሚሉትን ለሰው፣ ሰው የሚለውን ለነጮቹ ያደርሳል። ለአደም ለቅሶ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን መታ። የቀረበለትን በላ፤ ሲጨመርለትም በላ። ወር ሳይሞላ አትክልቱ የወንጀለኛ ንብረት ነው ተብሎ ለእሱ ተሰጠ።

«እህቴ፣ ለባዕድ ከሚሰጥ በእኔ እጅ ይቆይ ብዬ ነው» አላት።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች መሊካ።

አራት ወር ከአሥር ቀን የዒዳ ጊዜዋን ከቤት ሳትወጣ ስትጨርስ እንባዋ አልቆ ነበር። አብዱልሀኪም እንደገና መጣና ካምፑ ወጥ ቤት ሳህን አጣቢነት አስገባት። «ለአደም ስል ነው» አለ። አሁንም «አላህ ይስጥልኝ» አለችው። ሰፈርተኛው ከንፈሩን መጠጠ፤ አንዳንዱም «ምን ዓይነት ሆድ ነው የሰጣት? ከባሏ ደመኛ እጅ እንጀራ ትቆርሳለች» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውን ለመሊካ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም ነበር። እሷ የምትፈልገው ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳውን ያገኘችው በበረዶ ውስጥ ነው።

ካምፑ ውስጥ በሞተር የሚሠራ የበረዶ ማሽን ነበር። ማታ ውሃ ይሞላል፣ ጠዋት ክንድ ተኩል የሚረዝሙ ስምንት ጡቦች ይወጣሉ። ከስምንቱ በላይ እስከ ማግስቱ ጠዋት አንዲት ፍንካች አትገኝም። ጡቦቹ ከማሽኑ ጎን ባለች ወፍራም ግንብ ቤት በጭድ ይቀበራሉ። መጋዘን ጠባቂው ጣልያናዊ በንዳድ ታሞ ወደ ደጋ ከወጣ ጀምሮ የግንብ ቤቷ ቁልፍ የሚንጠለጠለው በአብዱልሀኪም ወገብ ላይ ነው።

እሑድ እሑድ የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ ለመኮንኖቹ የቀዘቀዘ ወተት ይሠራል። መሊካ ሳህን እያጠበች በጎን ታየዋለች። ትንሹን ባልዲ ትልቁ ባልዲ ውስጥ ያስገባል፤ በመሀሉ በረዶ ይሞላል፤ ከዚያ በበረዶው ላይ ጨው ይነሰንሳል። የመጀመሪያ ቀን ያበደ መስሏት ነበር፤ ጨው በረዶን እንደሚያቀልጥ የጨው መንገድ ላይ ላደገች ሴት ማን ይነግራታል? በረዶው እውነትም ቀለጠ። የቀለጠው ውሃ ግን ከበረዶው ይብስ ነበር። ባልዲውን ልታጥብ እጇን ብትሰድ ጣቷ ከብረቱ ጋር ተጣበቀ። ትንሹ ባልዲ ውስጥ ያለው ወተት ደንጊያ ሆኗል።

ከመኮንኖቹ ብርጭቆ የሚደፋውን የበረዶ ፍርፋሪ በጨርቅ ጠቅልላ ቤቷ መውሰድ ጀመረች። አሞሌ ጨው በሙቀጫ ወቀጠች። መጀመሪያ የሎሚ ጭማቂ በሸንበቆ ቀፎ ሞልታ ሞከረች፤ ሸንበቆ ብርዱን አላስገባ ብሎ ጭማቂው ሳይረጋ በረዶው አለቀ። ቀጥላ ከካምፑ ቆሻሻ የለቀመችውን የቲማቲም ድልህ ጣሳ አመጣች። ቡጢ የማታክል ጠባብ ጣሳ ናት። በዚያ፣ ሦስት እጅ በረዶ በአንድ እጅ ጨው ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠጠር አለ። ስኳር ሲበዛ አይረጋም፤ ሲያንስ ጥርስ ይሰብራል። የሮቃ፣ የዚያ ኮምጣጣ የቆላ ፍሬ፣ ጭማቂ ከሎሚ ይልቅ ቶሎ ይረጋል፣ ቀለሙም ያምራል። ፓፓያ ካልተጠለለ ክሩ ምላስ ላይ ይቀራል። ሲወጣ እጅ እንዳያቃጥል መሀሉ ላይ የመፋቂያ እንጨት ተከለችበት፤ ከጠቡት በኋላ እንጨቷ ጥርስ ታጸዳለች። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋ ስትስበው ሾልኮ ወጣ።

ባለእንጨት በረዶ። ቀመሰችው። ደስ አላት አትበሉ፤ ሰው ቢላዋውን ሲሞርድ ኖሮ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ የሚሰማው ነው የተሰማት።

በ1932 ጥቅምት ረመዷን ገባ። ጥቅምት ለሮቢት የንዳድ ወር ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ኩሬው ሲቀር ትንኙ ይነሣል። ገና ጾሙ ሳይገባ ሁለት ነጮች በንዳድ ስለሞቱ የካምፑ ሐኪም፣ ሰው «ዶቶሬው» የሚለው፣ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙን በገበያ ቀን በርሜል ላይ ቆሞ ያሰማው አብዱልሀኪም ነው።

«ስሙ! የካምፑ በረዶ ለንዳድ ሕመምተኛ ራስ ማቀዝቀዣ ነው! ያለ ዶቶሬው ፈቃድ የነካ፣ ያስነካ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ቅጣቱ ጥይት ነው!»

ድምፁ ያምር ነበር፤ መሊካ እያንዳንዱን ቃል ያዘች።

አብዱልሀኪም በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሣው ሌላ ጉዳይ ነበር። ጣልያኖቹ ከኢድ በኋላ ለሮቢት የአገር ሹም ሊመርጡ ነው፤ የካምፑ አዛዥ ካፒቴኑም «ሕዝቡ የሚያከብረውን እሾማለሁ» ብሏል። ሰው ደግሞ አብዱልሀኪምን ይፈራዋል እንጂ አያከብረውም። ሰላም ይለዋል፣ ሲያልፍ ምራቁን ይተፋል። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጾም ከተፈታ፣ ከፍጡር በኋላ መሊካ ቤቱ ሄደች፤ በሰሐን ሦስት ባለእንጨት በረዶ ይዛ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አብዱልሀኪም።

«ይቅመሱት ጋሼ።»

አንዴ ጠባ። ዓይኑ ፈጠጠ። ሚስቱ ራቢዓ አንዱን አንሥታ ነከሰችና «ኡ! ጥርሴን!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ግን አላስቀመጠችውም።

«ከየት አመጣሽው?»

«ነጮቹ ከብርጭቆ ከሚደፉት ነው። ፍሬው ከአትክልትዎ የወደቀ ነው።» መሊካ መሬት መሬት አየች። «እኔ የማስበው፣ ጋሼ፣ ሰው በዚህ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ጉሮሮው ደርቆ ይውልና በለብታ ውሃ ያፈጥራል። ይሄን በመስጊዱ ደጃፍ፣ በስምዎ፣ ለጾመኛ ሁሉ ቢሰጡትስ? በበረዶ ያስፈጠረ ሰው ከይፋት እስከ ደሴ ተሰምቶ ያውቃል?»

አብዱልሀኪም እንጨቷን ጠብቶ ጨረሰ። «ትእዛዙን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ያሰሙን እርስዎ አይደሉ? ቁልፉስ በማን ወገብ ነው?»

ሳቀ። «እውነትሽን ነው። የትእዛዙ አባት እኔ ሆኜ ሳለ ማን ይጠይቀኛል? ማታ ማታ ሦስት አራት ጡብ ተርፎ ለማግስቱ ሲቀልጥ አያለሁ።»

«ሲቀልጥ ኃጢአት ነው» አለች መሊካ። «ሥራውን ግን እኔ ቤት አልችለውም፤ ቤቴ ጠባብ ናት፣ ምስጥ የበላት። የእርስዎ ግንብ ነው፣ ብርድ ይይዛል።»

«እዚሁ ይሠራ!» አለ። ጣሳው፣ ጨው ያለበት ጆንያ፣ ገበቴው፣ ሙቀጫው ሁሉ በማግስቱ አብዱልሀኪም ጓዳ ገባ። መሊካ ቤት አንዲት ጣሳ አልቀረችም።

ለሃያ ቀን ያህል ነገሩ በሰላም ሄደ። የተረፈ ጡብ ሁለትም ሦስትም እየመጣ ያንኑ ያህል ይሠራል፤ ለሽማግሎች፣ ለደካሞች፣ ለእርጉዞች ይታደላል። በሰው ፍጡር ያፈጠረ የሰጪውን ስም ጠርቶ ዱዓ ማድረግ የአገሩ ልማድ ነውና በየማታው «አላህ ለአብዱልሀኪም ኸይሩን ይስጠው» ሲባል መስማት ተጀመረ። ሰውየው ከመስጊዱ አጥር ሥር ቆሞ ይሰማል። አንገቱ ረዘመ።

ራቢዓ ግን አልጣማትም። «ቤቴን የጨው ገበያ አደረጋችሁት» ትላለች ወለሉ ላይ እየተንሸራተተች። «ለመሆኑ መሊካ፣ ምን አግኝተሽበት ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«አጅሩን ነዋ፣ እትዬ፣ የአላህን ዋጋ።»

ረመዷን በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን ካፒቴኑ ምሳውን ሳይነካ መለሰ። መሊካ ሳህኑን ይዛ አየችው፤ በዚያ ግለት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ማምሻውን በላብ ተነከረ፤ በማግስቱ ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ። «ተሻለው» አሉ። የቆላ ሰው ግን ንዳድን በቀን ይቆጥረዋል። አንዱ ዓይነት ቀን ዘሎ ይመለሳል፤ በመጣበት ሰዓት፣ ከመጣበት ብሶ። በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ልክ ከቀትር በኋላ፣ ተመለሰ። ካፒቴኑ ቀበዣዠረ፤ ዶቶሬው አራት ጡብ በረዶ አስፈልጦ ራሱን፣ ብብቱን፣ እግሩን አሰረለት። አተረፈው። ከዚያም ኪኒን፣ የንዳዱን መድኃኒት፣ አዘዘለት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከሾርባው ጋር።

በዚያው ማታ መሊካ የካፒቴኑን የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ስታጥብ ጣቷ የሆነ ነገር አገኘ። ሁለት ነጫጭ ክኒኖች፣ ሳህኑ ሥር ተጣብቀው ግማሽ ሟሙተዋል። ምላሷ ላይ አስነካቻቸው፤ መረራት። ካፒቴኑ ምሬቱን ሳይችል ተፍቶታል። እንደ ተራ እድፍ ጠራርጋ ከእጣቢው ጋር ደፋችው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት አገኘች። ለማንም አልተናገረችም።

ሃያ አምስት። ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ መስጊድ የሚሰበሰብበት፣ ሰደቃ የሚበዛበት ቀን ነው።

«ጋሼ» አለች አብዱልሀኪምን በሃያ ስድስተኛው ማታ፣ «ነገ ከየገጠሩ ሰው ይመጣል። የሹመቱም ጊዜ ደርሷል። ለጥቂት ሰው ሰጥተው ብዙውን ቢያስጎመጁት ግን ሰደቃው እርግማን ይሆንብዎታል።»

«ስንት ይበቃል?»

«ስልሳ ጣሳ አለን። ከማለዳ ጀምሬ በሦስት ዙር መቶ ሰማንያ አወጣለሁ፤ የደረሰውን በጨው በረዶ ቀብሬ አቆየዋለሁ። ስምንቱም ጡብ ያስፈልገኛል።»

አብዱልሀኪም ጺሙን አሸ። «ስምንቱም? ካፒቴኑ...»

«ካፒቴኑ ምን ሆነ?»

«ኪኒን ጀምሯል። ዛሬ በፈረስ ሲዞር ነበር። አንዴ ኪኒን የዋጠ ነጭ ንዳድ አይመለስበትም፤ ዶቶሬው ራሱ ነው የነገረኝ።» ወገቡ ላይ ያለውን ቁልፍ ዳበሰ። «ቢሆንም አንድ ጡብ ትቅር።»

መሊካ እጇ ላይ ያለውን ጣሳ አገላበጠችው። አንድ ጡብ ከቀረ ዶቶሬው በዚያች ጡብ ካፒቴኑን ያቆያል፤ ጉድለቱንም አብዱልሀኪም በምላሱ ይሞላዋል፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ አብሮ ይቀልጣል።

«ይቅር ካሉ ይቅር» አለች። «ሃያ ሰው ይቀንሳል ማለት ነው። መጨረሻ የሚደርሱት የጠራ መንደር ሽማግሎች ናቸው፤ እነሱ ባያገኙም ቅር አይላቸው ይሆናል።»

የጠራ ሽማግሎች ካፒቴኑ ስለ ሹመቱ ምክር ከሚጠይቃቸው ውስጥ ናቸው።

«ስምንቱንም ውሰጂ» አለ አብዱልሀኪም።

ጎህ ሲቀድ ጡቦቹ በጭድና በጆንያ ተጠቅልለው በአህያ መጡ። መሊካ ለወጥ ቤቱ ታመምኩ ብላ ልካለች። ቀኑን ሙሉ ሳትቀመጥ ሠራች። በረዶ በመጥረቢያ ጀርባ ፈለጠች፤ ጨው ወቀጠች፤ ሎሚ ጨመቀች፤ ሮቃ ዘፍዝፋ በወንፊት አጠለለች። ጨው ያለበት ውሃ ጣሳ ውስጥ እንዳይገባ የገበቴውን ውሃ ከጣሳው ከንፈር ሁለት ጣት ዝቅ አድርጋ ያዘች። ወፍራም ጭማቂ ብቻውን እንጨት ያቆማል፤ ቀጭኑ እንጨቱን ስለሚጥል በስንጥር መስቀያ አሰረችለት። እጇ በጨው ተሰነጣጠቀ። ከቀትር በኋላ አንዴ ወደ ደጅ ወጥታ ወደ ካምፑ አየች። ባንዲራው ረግቦ ተንጠልጥሏል። ሌላ የሚታይ የለም። ሰዓቱ ግን ያው ሰዓት ነው።

መግሪብ ሲቃረብ የመስጊዱ ግቢ ሞላ። አብዱልሀኪም ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ቁልፉን ከላይ አድርጎ ታጥቆ፣ በገዛ እጁ ማደል ጀመረ። አዛን ተባለ። ሰው ተምር ቀምሶ በረዶውን ያዘ።

«ወላሂ፣ ይሄ የጀነት መፋቂያ ነው!» አለ አንዱ።

«ቀስ በል፣ ጥርስህ ሁለት ናት የቀረችህ!»

«ሁለቱንም ትውሰዳቸው! ለእንዲህ ያለው ካልሆነ ለምን ይበቃሉ?»

የመስጊዱ ሽማግሌ ሼህ ሷሊሕ በሮቃ የቀላ ጺማቸውን ጠርገው እጃቸውን ለዱዓ ሲያነሡ፣ የካምፑ ትንሽ መኪና እየጮኸች መጣች። ዶቶሬው ዘሎ ወረደ። እጅጌው ተጠቅልሏል፣ ሸሚዙ በላብ ገላው ላይ ተለጥፏል። ሁለት አስካሪ አስከትሏል። ከቀትር ጀምሮ የጋለውን ካፒቴን በውሃ ማብረድ ቢያቅተው የግንብ ቤቷን በር ሰብሮ ጭድ ብቻ አግኝቶ ነበር የመጣው። መቶ ሰማንያ ሰው በረዶ ሲጠባ ሲያይ ባለበት ደርቆ ቆመ። ከዚያ ቱርጁማኑን አየ።

«ጠይቃቸው!» ብሎ በጣልያንኛ ጮኸ። «ይህን በረዶ ማን ሰጣቸው?»

የአብዱልሀኪም ፊት አመድ መሰለ። ወደ ሕዝቡ ዞረና ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ዶቶሬው... ረመዷናችሁ የተባረከ ይሁን ብሏችኋል። አሚን በሉና በየቤታችሁ ግቡ።»

ሰው «አሚን» አለ። አልተነሣም። ሼህ ሷሊሕ ግን የዋህ ሰው ናቸው። የሹመቱን ወሬ ሰምተዋል፤ ያበላቸውን ሰው በነጩ ፊት ማመስገኛው አሁን ነው ብለው አሰቡ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ዶቶሬው እንዲገባውም በጣታቸው መጀመሪያ በረዶውን፣ ቀጥለው አብዱልሀኪምን አመለከቱ።

«ለጌታው ንገርልን! ያጠገብከን አንተ ነህ! አላህ የአብዱልሀኪምን ሰደቃ ይቀበል!»

«አሚን!»

«አብዱልሀኪምን ከፍ ያድርገው!»

«አሚን! አብዱልሀኪምን! አብዱልሀኪምን!»

መቶ ሰማንያ እጅ፣ እንጨትና በረዶ እንደያዘ፣ ወደ አንድ ሰው ተዘረጋ። ለዚህ ቱርጁማን አያስፈልግም። ዶቶሬው የሰውየውን ስም ያውቃል።

አስካሪዎቹ ሲይዙት ቋንቋ ሁሉ ተቀላቀለበት። በጣልያንኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ። «እሷ ናት! መሊካ ናት! ጠይቋት! ሥራው የእሷ ነው!»

ከደብረ ሲና የወረደ የጭነት መኪና ረዳት፣ ካሳሁን የሚባል፣ ጣልያንኛ ይችል ነበርና እንዲያስተረጉም ተጠራ። መሊካ ወደ ፊት ወጣች።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው? ይልሻል» አለ ካሳሁን።

«እኔ ነኝ በለው። ጌታዬ ሥሪ ካሉኝ እሠራለሁ። በረዶውን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው፣ የሠራሁትም እሳቸው ጓዳ ነው፤ ሄዶ ይየው። ዕቃው አሁንም እዚያ ነው። ቁልፉም ያው፣ ወገባቸው ላይ።»

«ትእዛዙን አልሰማሽም ወይ? ይላል።»

«ሰምቻለሁ። ያሰሙን እሳቸው ናቸው። ባለ ቁልፉም እሳቸው፣ ባለ ትእዛዙም እሳቸው ከሆኑ ፈቃዱን ማንን ልጠይቅ በለው። ሳህን አጣቢ ቱርጁማንን ትጠይቃለች?»

አንድም ውሸት አልነበረበትም። ዶቶሬው ሄዶ ጓዳውን አየ፤ ጨው፣ ጭድ፣ ስልሳ የካምፕ ጣሳ። ሲመለስ መሊካን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ጥድፊያው ወደ ካፒቴኑ ነው፤ የወንዝ ውሃ በባልዲ እያስጫነ ሄደ።

አብዱልሀኪምን እጁን የኋሊት አስረው ከመኪናው ጎን አቆሙት። መሊካ የወደቀች እንጨት የምታነሣ መስላ ጎንበስ አለችና ተጠጋችው። ከአደም ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ጉድጓዱን የምናውቀው ሦስት ነበርን። አንዱን ገደልከው። አንዱ አንተ ነህ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እንጨቷን አንሥታ ተመለሰች።

ካፒቴኑ አልሞተም፤ ነገር ግን ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ፤ ሲነቃም ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ፍርዱ እስከ ኢድ ማግስት ይቆይ ተባለ። ዶቶሬውም «ፈቃድ ያለው መስሎት እንደወሰደ የሚመሰክርለት ካለ ከጥይት ይተርፋል» አለ የሚል ወሬ ወጣ።

የኢድ ዕለት ረፋዱ ላይ ሼህ ሷሊሕና ራቢዓ መሊካ ቤት መጡ። ኢድ የይቅርታ ቀን ነው፤ የተጣላ ሁሉ «አፉ በለኝ» ተባብሎ የሚሳሳምበት። ራቢዓ ደጃፉ ላይ ተደፋች።

«መሊካ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ወጥ ቤት ሳለሁ ዶቶሬው ፈቅዷል ሲባል ሰምቼ የነገርኩት እኔ ነኝ በያቸው። አንቺን ምንም አይሉሽ፤ ሴት ነሽ፣ ጣልያንኛ አትሰሚ፣ ተሳሳተች ይላሉ። አንዲት ቃል ናት!»

ሼህ ሷሊሕ ተከተሉ። አንገታቸው ተሰብሯል፤ የሰውየውን ስም የጠሩት እሳቸው ናቸውና ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልበላላቸውም። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ሠላሳ ቀን ጾመሻል። ጾምሽን አታጥፊው።»

መሊካ ራቢዓን ክንዷን ይዛ አነሣቻትና ዱካ ላይ አስቀመጠቻት። ውሃ ሰጠቻት። ከዚያ ለሽማግሌው መለሰች።

«ሼህ፣ በረዶው የጣልያን ነው፤ ስለ በረዶው ማንንም አልከሰስኩም። አትክልቱ የእኔ ነው፤ እሱን አፉ ብያለሁ፣ ያውላችሁ፣ ለራቢዓ ልጆች ይሁን። አደም ግን የራሱ ነው። በሰው ነፍስ አፉ የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው? እሱን ሄዳችሁ ራሱን አስፈቅዱ።»

«አደም የት ይገኛል ልጄ?»

«እኔም ለሁለት ዓመት የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።»

ራቢዓ ጮኸች። መሊካ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ስትጨርስ ደግሞ በሩን ከፈተችላት።

በማግስቱ ጠዋት አብዱልሀኪምን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ደብረ ሲና ወሰዱት። ሮቢት ውስጥ አልተገደለም፤ የት እንደተገደለም ለሚስቱ አልተነገራትም። መሊካ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወጥታ መንገዱ ዳር፣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ነበር። እንዲያያት ፈልጋለች። አያት። መኪናው የደብረ ሲናን ዳገት ሊይዝ ሲያጓራ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ቤቷ ገባች። በረመዷኑ ሁሉ ለወጉ ያህል ቀመስ አድርጋ የምትተወው እህል ዛሬ አማራት። ድስቱን ጣደች፣ ሽንኩርት ከተፈች፣ በርበሬውን ጨመር አደረገችበት። ብቻዋን ተቀምጣ ላብ እስኪያጠምቃት ድረስ በላች፤ ደግማ አውጥታም በላች።